ስለ አቢሲኒያ ግላዲዮለስ አተካከል ለደንበኞቻችን የተላከ ደብዳቤ

ውድ ደንበኞቻችን፣

ባለፈው ዓመት ለገጣፎ ካለው ችግኝ ጣቢያችን የአቢሲኒያ ግላዲዮለስ የተባለውን አበባ ኮረት (አፈር ውስጥ የሚቀበረውን ሽንኩርት መሰል ግንዱን) ወስዳችሁ ከተከላችሁት ውስጥ ብዙዎቻችሁ «አልበቀለም»፣ «በስብሶ ቀረ» ብላችሁ ነግራችሁናል። ቅሬታችሁ ትክክል ነው፤ ጥፋቱም የእኛ ነው።

ኮረቱ ከውጭ በመጣበት ማሸጊያ ላይ የተጻፈው «በሰመር የሚያብብ» የሚል ነበር። እኛ «በበጋ የሚያብብ» ብለን ለጠፍንበት። የአውሮፓ ሰመር ግን በእኛ አገር ዶፍ የሚወርድበት ክረምት ነው። ወረቀታችንን አምናችሁ በጥቅምትና በኅዳር የተከላችሁ ሰዎች፣ ተክሉ መተኛት በሚፈልግበት ወቅት በየቀኑ ውሃ አጠጣችሁት። ብርዱ ሲጨመርበት በሰበሰ።

እኛን ይበልጥ የቆጨን አበባው የገዛ አገራችን መሆኑ ነው። ከኢትዮጵያ ጀምሮ እስከ ሞዛምቢክ ድረስ በዱር ይበቅላል። ጀርመናዊው የዕፅዋት ተመራማሪ ሆክስቴተር በ1844 እ.ኤ.አ. ለሳይንስ ያስተዋወቀውም ከዚሁ በተወሰደ ናሙና ነው። ዝናብ ሲጀምር ይበቅላል፣ ክረምቱ ሊወጣ ሲል ያብባል፣ በጋውን አፈር ውስጥ ተኝቶ ያሳልፋል።

ስለዚህ ዘንድሮ በግንቦት መጀመሪያ ትከሉት። ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ስለሚፈጅ ለእንቁጣጣሽ፣ ከአደይ አበባ ጋር ይደርስላችኋል።

ከሁሉም በላይ የምንለምናችሁ ውሃ እንዳይተኛበት ነው። ለገጣፎም ሆነ አቃቂ ያለው ጥቁር መረሬ አፈር ሐምሌ ላይ ውሃ ይቋጥራል፤ ኮረቱ ይታፈናል። መደቡን አንድ ስንዝር ያህል ከፍ አድርጉት፣ አሸዋና በደንብ የበሰበሰ ፍግ ቀላቅሉበት፣ ኮረቱን 10 ሳንቲ ሜትር አጥልቃችሁ ቅበሩ። እንጦጦ ሥር ቀይ አፈር ያላችሁ በዚህ ብዙም አትቸገሩም።

ከተቻለ ማታ ማታ በምትቀመጡበት በረንዳ አጠገብ ይሁን። አበባው ነጭ ነው፤ መሐሉ ላይ ጠቆር ያለ ወይን ጠጅ ነጠብጣብ አለው፤ ከሥሩ ያለው ቀጭን ቱቦ ከ10 ሳንቲ ሜትር ይበልጣል። ማሩን ከዚያ ጥልቀት የሚደርስበት ረጅም ምላስ ያለው የእሳት ራት ስለሆነ፣ ሽታው የሚጠነክረው ፀሐይ ከጠለቀች በኋላ ነው። ቀን ላይ ጠጋ ብላችሁ ብታሸቱት ያን ያህል ላይመስላችሁ ይችላል፤ ምሽቱን ጠብቁት።

ቅጠሉ ኅዳር ላይ ቢጫ ሲሆን ቀስ ብላችሁ ቆፍራችሁ አውጡት። የተከላችሁት አሮጌው ኮረት እንደ ልብስ ቁልፍ ተጠፍጥፎና ደርቆ ከታች ታገኙታላችሁ፤ ከላዩ ቡናማ ቃጫ የለበሰ አዲስ ኮረት፣ ዙሪያውን ደግሞ ሽምብራ የሚያካክሉ ልጆቹ ይኖራሉ። ልጆቹን አትጣሏቸው፤ በሁለት ሦስት ዓመት ያብባሉ። አድርቃችሁ በጭድ ውስጥ አስቀምጡ። ሽንኩርት ስለሚመስል ግን ማድ ቤት አታኑሩት፤ የሚበላ አይደለም።

ቱቤሮዝ የተባለውን አበባ ለምትጠይቁን፦ መዓዛው ግሩም ነው፤ ግን የሜክሲኮ ተክል በመሆኑ ሙቀት ይፈልጋል። ውርጭ ለሚመታው ለሱሉልታ ሜዳ አንሸጥም። ሌሎቻችሁ ፀሐይ በሚያገኝ ግድግዳ ሥር፣ በማሰሮ ሞክሩት።

ባለፈው ዓመት የገዛችሁ ሁሉ እስከ ግንቦት 15 ብቅ በሉና በጠፋባችሁ ልክ ኮረት ያለ ክፍያ ውሰዱ። ደረሰኝ አንጠይቅም። ወረቀቱም ታርሟል።

ከአክብሮት ጋር፣
የችግኝ ጣቢያው ባልደረቦች
ለገጣፎ