እዚያው ፊኒክስ ስላለው መልሕቅ

ሙሌ ወንድሜ፣

ሰላም ነህ? ባለቤትህ፣ ልጆቹ፣ ሁሉም ደህና ናቸው? ከተጠፋፋን ቆየን። ናፍቀኸኛል። እኛ ደህና ነን። ጅማ እንደምታውቃት ዝናብ በዝናብ ናት፣ አዌቱም ሞልቷል። አባዬ ጉልበቱን ያመዋል እንጂ ጨዋታው ያው ነው።

የምጽፍልህ ስለ አንድ መልሕቅ ነው። እዚያው አንተ ያለህበት ፊኒክስ፣ ከአሪዞና ምክር ቤት ሕንፃ ፊት ለፊት፣ ዌስሊ ቦሊን የሚባለው አደባባይ ላይ ነው ያለው። በመኪና አልፈኸው ይሆናል። ወደ 9 ቶን የሚመዝን ብረት ነው፤ ዩኤስኤስ አሪዞና የምትባለው የጦር መርከብ መልሕቅ ነበር። አባዬ ዩቲዩብ ላይ አይቶት ጠራኝና አብረን ደጋግመን አየነው።

በፈረንጆች ዲሴምበር 7 ቀን 1941 ጃፓኖች ሃዋይ ያለውን የአሜሪካ ባሕር ኃይል ሰፈር ፐርል ሃርበርን ሲደበድቡ፣ አንድ ቦምብ የፊት ጥይት ማከማቻዋን አፈነዳውና መርከቧ በደቂቃዎች ውስጥ ሰጠመች። 1,177 ሰው አለቀ። ከ900 በላይ የሚሆኑት አስከሬናቸው እንኳ አልወጣም፣ ዛሬም እዚያው መርከቧ ውስጥ ናቸው። ነዳጇ እስካሁን ጠብ ጠብ እያለ ወደ ላይ ይወጣል አሉ። በ1962 እዚያው ሰመጠችበት ቦታ ላይ፣ ከውሃው በላይ መታሰቢያ ተሠራላት። መልሕቁን ግን ከውሃ አውጥተው እናንተ ጋ አመጡትና በ1976 ተመረቀ።

እኔን የገረመኝ ቦታው ነው። አሪዞና ባሕር የላት፣ በረሃ ናት። ከሟቾቹም አብዛኞቹ የአሪዞና ልጆች አልነበሩም። መርከቧ ስማቸውን ስለተሸከመች ብቻ «የእኛ ናት» ብለው፣ ያን የሚያህል ብረት ከተማቸው መሃል ተከሉ። ሙሌ፣ ይሄ ትልቅ ነገር ነው።

የእኛዋን ደግሞ አስባት። አባዬ ምጽዋ ላይ ያገለገለባት «ኢትዮጵያ» የምትባለው መርከብ ትዝ ትልሃለች? ልጆች ሆነን ያን ፎቶ እያሳየ የሚያወራልን። ኦርካ የምትባል የአሜሪካኖች መርከብ ነበረች፣ ለእኛ የተሰጠችው በዚያው በ1962 ነው። በ1991 ወደ የመን ሸሸች፣ ከሁለት ዓመት በኋላ ለቁርጥራጭ ብረት ተሸጠች። በቃ። መልሕቋ ምን እንደሆነ አባዬ አያውቅም። አብረውት ከነበሩት ስንቶቹን ቀብሯል፣ ያ ሁሉ ዕድሜያቸው በየቤቱ ሳጥን ውስጥ ነው ያለው። ኮፍያ፣ የደንብ ልብስ፣ ፎቶ፣ የአገልግሎት ወረቀት።

እኔ የማስበው ይሄን ነው። ጅማ ሙዚየም የአባ ጅፋርን ዕቃ ጠብቆ ለዛሬ አድርሶልናል። ታዲያ ከዚህ ወጥተው ባሕር ላይ ያገለገሉትን ሰዎች ዕቃ የሚይዝ አንድ ጥግ ቢኖር ምን አለበት? መልሕቅ ባይኖረንም ስማቸው አለ። ባሕር ኃይሉ አሁን እንደገና ተቋቁሟል፣ አዲሶቹ ልጆች ከእነማን እንደተረከቡ ይወቁ። ግን ሽማግሌዎቹ እያሉ ነው መሰብሰብ ያለበት፣ ከእነሱ በኋላ ፎቶው ላይ ያለው ማን እንደሆነ የሚነግረን የለም። እኔ ከአባዬ ጀምሬ ድምፁን እየቀዳሁ ነው። የድሮ ባልደረቦቹንም በስልክ እያፈላለግን ነው። በአካባቢህ የባሕር ኃይል ሰው የነበረ ካለ አገናኘኝ።

ሌላው ልመናዬ፣ አንድ ቀን ልጆቹን ይዘህ ሂድና መልሕቁን አሳያቸው። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የሚያሳይ ፎቶ አንሳልኝ፣ ሰው አጠገቡ ቁሞ፣ ትልቀቱ እንዲታይ። የተጻፈውንም ጽሑፍ ቀርበህ አንሳው። አባዬ «ሰንሰለቱስ አብሮ አለ ወይ? ቀለምስ ይቀቡታል ወይስ ዝጓል?» ብሎ ጠይቅልኝ ብሏል።

እዚያው ሆነህ በቪዲዮ ብትደውል ደግሞ ደስ ይለዋል። እናንተ ጋ በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 2 ሰዓት ሲሆን እኛ ጋ ማታ 12 ሰዓት ነው። አባዬ እስከ 3 ሰዓት አይተኛም።

ወንድምህ ቢኒያም
ከጅማ