የታሪክ ክበብ የዓመቱ ዘገባ፦ ሰባተኛው መንገደኛ የት አደረ?

አንዳንድ ወላጆች «በለንደን የአማርኛ የቅዳሜ ትምህርት ቤት ልጆች ስለ ጥንት እንግሊዝ ድሆች ምን አገባቸው?» ብለው ጠይቀውኛል። ልጆቻችን የሚያድጉት እዚሁ ነው። ያደጉበትን አገር ታሪክ በአማርኛ ሲተርኩ መስማት ለእኔ ትልቅ ውጤት ነው።

የመጀመሪያው መንፈቅ በንባብ አለፈ። የእንግሊዝ ንጉሥ ሄንሪ 8ኛ እ.ኤ.አ. ከ1536 ጀምሮ የአገሩን ገዳማት ሲዘጋ፣ ለመሸበት መንገደኛ ማደሪያ የነበሩት ደጆችም አብረው ተዘጉ። በታኅሣሥና በጥር አዳራሹ ለሌሎች በመከራየቱ ስብሰባችን ተቆራረጠ፤ የተለማመድነው ድራማም መድረክ ሳያይ ቀረ።

በኬንት ወደምትገኘው ሮቸስተር ከተማ ያደረግነው ጉዞ ግን ሁሉንም ካሰን። የከተማዋ የፓርላማ ተወካይ የነበረው ሪቻርድ ዋትስ በ1579 በተጻፈ ኑዛዜው፣ ስድስት ድሆች መንገደኞች ለአንድ ሌሊት በነጻ እንዲያድሩና ለእያንዳንዳቸው አራት ፔኒ እንዲሰጣቸው አዘዘ። የጎበኘነው ይህ ማደሪያ ቤት እስከ 1940 ድረስ እንግዳ ሲቀበል ኖሯል። በግንባሩ ላይ ያለው ጽሑፍ ወሮበላ እንዳይስተናገድ ይከለክላል። ክፍሎቹ እጅግ ጠባብ ናቸው፤ ሁለት ልጆች አልጋውና ምድጃው አጠገብ ከቆሙ ሦስተኛው በር ላይ ወረፋ ይጠብቃል።

እዚያ በር ላይ ነው፣ ዓመቱን ሙሉ በአማርኛ ስጠይቀው በእንግሊዝኛ ሲመልስልኝ የቆየ ተማሪ በጥርት ያለ አማርኛ «ጋሼ፣ ሰባተኛ ሰው ቢመጣስ የት ያድራል?» ያለኝ። ደስታዬን መደበቅ አልቻልኩም።

መልሱን ራሱ ፈልጎ አመጣው፦ ደጅ የቀረው ሰው እንደ ተንከራታች ሊያዝ ይችል ነበር። በ1572 በወጣው ሕግ ከ14 ዓመት በላይ የሆነ ሥራ አልባ ተንከራታች ይገረፋል፤ ኃላፊነት ወስዶ የሚያሠራው ሰው ካላገኘ ቀኝ ጆሮው በጋለ ብረት ይበሳል። ይህን በወላጆች ቀን ሲያነብ «እኔ 15 ዓመቴ ነው» ብሎ ጆሮውን ያዘ። እናቱ ከፊት ወንበር ሆነው እንባቸውን ሲጠርጉ አይቻለሁ።

የባቡር ትኬቱን የቻሉት ወላጆች ናቸው። ለእግር ኳስ ማሊያ በጀት የተገኘበት ዓመት ለታሪክ ክበብ አንድ ፔኒ አለመመደቡን ኮሚቴው ሊያስብበት ይገባል። በመጪው ዓመት የንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ባለሟል የነበረው መስፍን ሮበርት ዳድሊ በ1571 ለአረጋውያንና ለቆሰሉ ወታደሮች በዎሪክ ከተማ የመሠረተውን መኖሪያ ለማየት አቅደናል፤ ዛሬም የቀድሞ ወታደሮች ይኖሩበታል። ዎሪክ ሩቅ ስለሆነ አውቶቡስ መከራየት የግድ ነው። በኪራዩ ልትረዱን የምትችሉ ቅዳሜ ከትምህርት በኋላ በክፍሌ አግኙኝ።