ሞተሩ ሳይሞቅ ድረስ

ውድ ወንድሜ ታሪኩ፣

ለጤናህ እንደምን ከርመሃል? አልማዝና ልጆቹስ ደህና ናቸው? እማማ ወገባቸውን ተሻላቸው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አራት ዓመት ሙሉ ድምፄን አጥፍቼ ዛሬ ወረቀት ይዤ ስቀመጥ እጄ ከብዶኛል።

ባለፈው ሳምንት ሶማሌ ተራ የፍሬን ሸራ ልገዛ ሄጄ ከታናሽ ወንድምህ ጋር ተገናኘን። ማርና ቡናውን ከገጠር የምታወጣበት ፒካፕ እየፈለግህ እንደሆነ፣ እዚህ አዲስ አበባ አንድ ቶዮታ ሃይሉክስ እንደተገኘልህና ቀብድ ልትከፍል እንደሆነ ነገረኝ። ሌሊቱን እንቅልፍ አልወሰደኝም። የመጀመሪያውን ፒካፕ «ግዛው» ያልኩህ እኔ ነኝና።

ያኔ «አንተ ካየኸው እኔ እንዳየሁት ነው» ብለህ ገንዘቡን ከቦንጋ ላክህ። እኔ ደግሞ በምሳ ሰዓት ሄድኩ። ሻጩ ሞተሩን አስነስቶ ጠበቀኝ፤ «አሁን ከሥራ መግባቴ ነው» አለኝ። ቀለሙ ያበራል፣ ጎማው አዲስ ነው፣ ድምፁም ደህና መሰለኝ። ሃያ ደቂቃ እንኳ አልቆየሁም። የቀረውን አንተ ታውቀዋለህ፤ ጊቤን ተሻግረህ የአበልቲን ዳገት ስትጀምር የዘይቱ መብራት በራ፣ ሞተሩም ተጣብቆ ቀረ። አንድ ቀን እንኳ አልወቀስከኝም። ይባስ ብለህ ለመስቀል ነጭ ማር ላክህልኝ። ያን ማር አፌ ላይ ማድረግ አልቻልኩም፤ ስትደውልም ስልኩን እያየሁ እስኪዘጋ እጠብቅ ነበር። ይቅር በለኝ።

ያ ሞተር ለምን እንደሞተ ሳላውቅ መኖር ስላልቻልኩ ከመካኒኮች ጋር ብዙ ቅዳሜዎች አሳለፍኩ። የአንተው ባለ 3.0 ሊትር የቶዮታ ናፍጣ ሞተር፣ ዲ ፎር ዲ የሚባለው፣ እነሱ 1ኬዲ የሚሉት ነበር። ብርቱ ሞተር ነው፤ አንድ የታወቀ ድካም ግን አለው። ናፍጣውን የሚረጩት ኢንጀክተሮች ሥር ያሉት የመዳብ ቀለበቶች ሲያረጁ የተቃጠለው ጋዝ እያሾለከ ወደ ዘይቱ ይገባል። ዘይቱ እንደ ሬንጅ ይወፍርና ከሞተሩ ሥር ባለው የዘይት መያዣ፣ በኮፓው ውስጥ ያለችውን የዘይት መምጠጫ ወንፊት ይደፍናል። ወንፊቷ ስትደፈን ፖምፓው ዘይት አያገኝም፣ ሞተሩ ደርቆ ይሠራል፤ ዳገት ላይ ጭነት ሲበዛበት ያበቃለታል። ይህ ሁሉ በዚያን ቀን ይታይ ነበር እኮ! ጠዋት በብርድ ቢነሳ ኖሮ ይንቀጠቀጥ፣ ነጭ ጭስ ያወጣ፣ ኢንጀክተሩም ጠቅ ጠቅ ይል ነበር። ሻጩ ያሞቀው ለዚህ ነው።

ስለዚህ ወንድሜ፣ ከሁሉ በፊት ማለዳ መድረስ ነው። ኮፈኑ ላይ እጅ ይቀመጥ፤ ሞቆ ከተገኘ በሌላ ቀን ተመልሶ ማየት ይሻላል። ሲነሳ ጭሱ ይታይ። ነጩ ቶሎ ካልጠፋ ኢንጀክተር ወይም የሞተሩ ጉልበት መድከም ነው፣ ሰማያዊው ዘይት መብላቱን ይነግርሃል። ጥቁሩ ላይ ግን አትቸኩል፤ አዲስ አበባ 2,400 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስላለች አየሩ ስስ ነው፣ ቱርቦ የሌለው ናፍጣ እዚህ ትንሽ ማጨሱ አይቀርም። ከዚያ ሞተሩ እየሠራ የዘይት መሙያውን ክዳን ፈታ አድርጎ ገልብጦ እዚያው ማስቀመጥ ነው። ከዘለለና ከወደቀ ፒስቶኖቹ ጋዝ እያሳለፉ ነው። የራዲያተሩ ክዳን የሚከፈተው ገና በብርዱ፣ ሞተሩ ሳይነሳ ነው፤ ውሃው ላይ የዘይት ቅባት ከተንሳፈፈ ቴስታታው፣ የሞተሩ ራስ፣ ተነክቷል።

ሞተሩ ዲ ፎር ዲ ከሆነ ዋናው ጥያቄዬ አንድ ነው፤ ኮፓው ወርዶ ወንፊቷ ትታይ። ሻጩ እምቢ ካለ ዋጋውን ቢቀንስልህም እንዳትገዛው። ታይሚንግ ቺንጋው መቼ እንደተቀየረም በወረቀት ይጠየቅ። ከ100,000 እስከ 150,000 ኪሎ ሜትር ባለው ውስጥ መቀየር ያለበት ነው፤ ከተበጠሰ ሞተሩን ይዞት ይሄዳል። የጌጁን ቁጥር ብቻ አትመን፣ ወደ ኋላ ይመለሳል። የፍሪሲዮኑና የፍሬኑ ፔዳል ላስቲክ አልቆ ብረቱ እየታየ ጌጁ 90,000 ካለ አንዱ ይዋሻል።

የእኔን ልብ ከጠየቅኸኝ አሮጌውን 5ኤል ሞተር ያለውን ብታገኝ እመርጥልሃለሁ። ይዘገያል፣ ዳገት ላይ ሲኖትራክ ይቀድምሃል። ኮምፒውተር ግን አይፈልግም፣ ቱርቦም የለውም፤ ጊምቦ ገጠር ውስጥ ቢቆም የቦንጋ መካኒክ በመፍቻ ያስነሳዋል። ማር ደግሞ አይቸኩልም።

አሁን ወደ ሥሩ እንግባ። ያኔ ጎንበስ ብዬ እንኳ አላየሁም፤ የገጠር መኪና ታሪኩ የሚነበበው ግን ከሥሩ ነው። ካርቶን አንጥፎ፣ ባትሪ ይዞ መተኛት ያስፈልጋል። ሻንሲው፣ መኪናውን የሚሸከመው የብረት አጥንት፣ ከጋቢናው ኋላ በሚታጠፍበትና ባሌስትራው በሚታሰርበት ቦታ ስንጥቅ ወይም ብየዳ ይፈለግ። እዚያ ብቻ አዲስ ጥቁር ቀለም ከተቀባ ለምን እንደተቀባ ጠይቅ። ቆም ብለህ ከጎን ስታየው በጋቢናውና በጭነቱ ሳጥን መካከል ያለው ክፍተት ከላይ ሰፍቶ ከታች ከጠበበ ሻንሲው ጎብጧል። ባሌስትራው ላይ ተጨማሪ ቅጠል ከተደረበ፣ ወይም ሳይጫን ከተዘረጋ፣ መኪናው ዕድሜውን ሁሉ ከአቅሙ በላይ ሲሸከም ኖሯል።

ዲፈረንሻሉና ካምቢዮው ውስጥ ያለው ዘይት ይታይ። ቡሹ ተፈትቶ ዘይቱ ወተት የገባበት ቡና ከመሰለ፣ ወንዝ ሲሻገር ውሃ ገብቶበታል ማለት ነው፤ ኩሽኔታና ጥርሱን ሲበላ ከርሟል። ፊቱ በክሪክ ተነስቶ ጎማው ከላይና ከታች ተይዞ ይነቅነቅ። ከተንቋቋ ኩሽኔታው ወይም ቦል ጆይንቱ ነው። እነዚህ የሚጠገኑ ናቸው፤ ዋጋ መቀነሻ ናቸው እንጂ የሚያስፈሩ አይደሉም።

ፎር ዊሉ ግን ለአንተ የሁሉ ነገር መሠረት ነው። ያንተ ቀይ አፈር ዝናብ ሲመታው እንደ ሳሙና እንደሚያንሸራትት ከአንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ብዙ ፒካፖች ከተማ ውስጥ ፎር ዊላቸው ለዓመታት ሳይነካ ይኖራል፣ ያስፈለገ ቀንም እንቢ ይላል። የፊቶቹ ጎማዎች እውነት መጎተታቸውን አንድ ሰው ውጭ ቆሞ ይይ። ከባዱም ማርሽ፣ ኤል ፎር የሚባለው፣ ይግባ። ይህ የሚፈተነው ግን አፈር ወይም ጠጠር ላይ ነው። በደረቅ አስፋልት ፎር ዊል አስገብቶ መጠምዘዝ የፊትና የኋላውን ዘንግ እርስ በርስ ያጣላል።

የወረቀቱን ነገር አጭር ላድርገው። በሊብሬው ላይ ያለው የሻንሲና የሞተር ቁጥር ብረቱ ላይ ከተመታው ጋር ይመሳከር። የሻንሲው በቀኝ በኩል ከፊተኛው ጎማ አጠገብ ነው፤ ጭቃው ይጠረግና ቁጥሩ ተፍቆ እንደሆነ በጣት ይዳሰስ። ዕዳና እገዳ እንደሌለበት ፋይሉ ካለበት መንገድ ትራንስፖርት ይጣራ፣ ቦሎውም ይታይ። ከእርዳታ ድርጅት የወጣ ከሆነ ከቀረጥ ነፃ የገባ ሊሆን ስለሚችል ቀረጡ መከፈሉን የሚያሳይ ሰነድ ሳታይ አትዋዋል። በውክልና ብቻ ልሽጥልህ ካለህ ተወው። ከ2016 ዓ.ም. ወዲህ የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ስለተከለከለ ደላሎች «ከእንግዲህ አታገኝም» እያሉ ያጣድፉሃል። ቀብዱን እስከ እሑድ ያዘው፣ እባክህ።

ወንድምህ የሻጩን ሰፈር ነግሮኛል። ከፈቀድህ ቅዳሜ ጠዋት 12 ሰዓት እሄዳለሁ። ከአንድ ታማኝ መካኒክ ጋር ተነጋግሬአለሁ፤ ክሪኩን፣ ባትሪውንና ካርቶኑንም አዘጋጅቻለሁ። በዚህ ጊዜ ሙሉ ቀን ይፈጅ። ማታውኑ ደውዬ ያየሁትን ሁሉ፣ መጥፎውንም ጭምር፣ አንድ በአንድ እነግርሃለሁ።

አንተ ለሻጩ አንድ ነገር ብቻ ንገርልኝ፤ እኔ ሳልደርስ ሞተሩን እንዳያስነሳው።

ያንተው ወንድም፣
ግርማ