የፎቶግራፍ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ አንድ ካሜራና 72 ፎቶ

ዘንድሮ ክበባችን ብዙ ፎቶ አላነሳም። ይህን አስቀድሜ ልናገር። በሰኔ መጀመሪያ በኬሚስትሪ ላቦራቶሪው በር ላይ የሰቀልናቸውን ትንንሽ ፎቶዎች ያያችሁ ወላጆች "ዓመቱን ሙሉ ይሄ ብቻ?" ብላችሁ ጠይቃችሁኛል። አዎ፣ ይሄ ብቻ ነው። የቀረውን ጊዜ ያሳለፍነው ካሜራው ምን እንደነካው ስንፈልግ ነው። እኔ ደግሞ የዓመቱ ዋና ሥራችን እሱ ነበር ብዬ ስለማምን፣ የምጽፍላችሁም ስለ እሱ ነው።

ካሜራው ያሺካ ማት 124ጂ ይባላል። ጃፓን ውስጥ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ1970 ጀምሮ እስከ 1986 ድረስ የተመረተ ነው። በሰፈራችን ፎቶ ቤት የነበራቸው አንድ አባት፣ ልጆቹ "ጋሼ" የሚሏቸው፣ ቤቱን ሲዘጉ ከመሳቢያ አውጥተው ኅዳር ላይ በቀላል ዋጋ ሸጡልን። ዓመታት ሳይነካ እንደተቀመጠ ነግረውናል። ምንም አልደበቁንም።

ሁለት ሌንስ አለው፤ አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች። በላይኛው እኛ እናያለን፣ በታችኛው ፊልሙ ያያል። ዓይን ላይ አይደገንም፤ ደረት ሥር ተይዞ፣ አንገት ደፋ ተደርጎ ከላይ ወደ መስታወቱ ይታያል። ምስሉ ግራና ቀኙ ተለዋውጦ ስለሚመጣ፣ ልጆቹ የመጀመሪያ ሰሞን ሰው ወደ ቀኝ ሲሄድ ካሜራውን ወደ ግራ እያዞሩ ያጡት ነበር። ጋሼ አንድ ቀን መጥተው ሲያሳዩአቸው፣ "ለምታነሱት ሰው ጎንበስ ትላላችሁ፤ ስለዚህ ሰው አይደነግጥባችሁም" አሏቸው። ይህን የክበቡ ልጆች ሁሉ በቃላቸው ይዘውታል።

ፊልሙ 120 የሚባለው ነው። ኮዳክ በ1901 እንደ ፈረንጆች ያወጣው መጠን ነው፤ ዛሬም ይመረታል። ጀርባው ላይ ጥቁር ወረቀት አለው፤ እንደ ተራው 35 ሚሊ ሜትር ፊልም ጠርዙ ላይ የጥርስ ቀዳዳ የለውም። በዚህ ካሜራ አንድ ጥቅል 12 ፎቶ ብቻ ይሰጣል፤ ግን የአንዱ ኔጌቲቭ (ብርሃንና ጨለማው ተገልብጦ ፊልሙ ላይ የሚወጣው ምስል) ስፋት የተራውን ሦስት ዕጥፍ ተኩል ያህል ነው። እዚህ ከተማ ፈልገን ስላጣን፣ ሜሪላንድ የምትኖር የቀድሞ ተማሪያችን ኢልፎርድ ኤችፒ5 የሚባል ጥቁርና ነጭ ፊልም ስድስት ጥቅል፣ የማጠቢያ ዱቄትና አንድ ፓኬት የፎቶ ወረቀት በሰው እጅ ላከችልን። ሰውየው ፊልሙን ሻንጣ ውስጥ ሳይከት በእጁ እንዲይዘው አደራ ብላው ነበር፤ የሚጫን ሻንጣ የሚያልፍበት ማሽን ጨረሩ ከባድ ስለሆነ ፊልም ያበላሻል። እግዚአብሔር ይስጥልን።

ስድስት ጥቅል ማለት 72 ፎቶ ነው። አሥራ አራት ልጆች፣ 72 ፎቶ፣ አንድ ዓመት። ስልክ ላይ በአንድ ዕረፍት ሰዓት የሚነሳ ነው። ያደረግነውን ሁሉ የወሰነው ይሄ ቁጥር ነው።

የመጀመሪያውን ጥቅል ታኅሣሥ ላይ አነሳን፣ ላቦራቶሪው ውስጥ አጠብን። ውሃው 20 ዲግሪ መሆን አለበት፤ በዚያ ብርድ ከቧንቧ የመጣው ስላልደረሰ በማንቆርቆሪያ አሙቀን ቀላቀልንበት። 7 ደቂቃ ተኩል ቆጠርን። ፊልሙ ከታንኩ ሲወጣ ሁሉም ተንጋግቶ መጣ፤ ከዚያ ዝም ተባለ። የፊልሙ አንድ ጠርዝ በጥቁር ጭረት ተበልቷል። የሰዎቹ ፊት ደብዛዛ ሲሆን ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ጡቡ ሳይቀር ቁልጭ ብሏል። ሁለት ፎቶ ደግሞ ብርሃን በዝቶባቸው ከሰል መስለዋል።

አንዱ የ11ኛ ክፍል ልጅ ወዲያው ካቻቪቴ ይዞ መጣ። ልክ ነው፣ እጁን በልቶታል፤ እኔም በልቶኝ ነበር። ግን ያን ቀን አንድ ደንብ አወጣንና እስከ ሰኔ አልጣስነውም። ጥፋቱ የት እንዳለ ሳናውቅ ብሎን አንፈታም፤ አንድ ጊዜ የምንለውጠው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የለወጥነውም ደብተር ላይ ይጻፋል። ሦስት ጥፋት አየን ማለት አንድ ምክንያት አለው ማለት አይደለም። ሁሉንም በአንድ ቀን ብንነካካ ኖሮ፣ ቢስተካከል እንኳ በምን እንደተስተካከለ አናውቅም ነበር።

ከጭረቱ ጀመርን። አንዲት የ10ኛ ክፍል ልጅ ኔጌቲቩን መስኮት ላይ ይዛ ስታየው፣ ጭረቱ ከፎቶው ክፈፍ አልፎ እስከ ፊልሙ ጫፍ ድረስ እንደሚሄድ አስተዋለች። ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ብርሃኑ በሌንሱ በኩል ቢገባ ኖሮ ክፈፉ ውስጥ ብቻ በቀረ ነበር። ክፈፉን ካለፈ የገባው ከጀርባ ነው፤ ወይ ከበሩ፣ ወይ ጥቅሉ ላልቶ። ላቦራቶሪውን አጨለምን፣ የቁልፍ መያዣ ላይ የምትንጠለጠል ትንሽ ባትሪ አብርተን ካሜራው ውስጥ ዘጋንባት። በማጠፊያው በኩል ቀጭን ክር የመሰለ ብርሃን ታየ።

በሩ ዙሪያ ያለው ስፖንጅ አርጅቶ እንደ ሬንጅ ሆኖ ነበር። በአልኮልና በጥርስ መፋቂያ እንጨት ቀስ እያልን ጠረግነው፤ ጥራጊው ወደ ውስጥ እንዳይወድቅ ካሜራውን ደፍተን ይዘን። በቦታው ጥቁር የሹራብ ክር ቦዩ ውስጥ አስገባን። ክሩ ከአንድ ልጅ እናት ነው የመጣው። ሁለት ሐሙስ ፈጀ፤ ጭረቱ ዳግመኛ አልታየም።

የደበዘዘው ፊት ግን እንቅልፍ ነስቶን ነበር። ልጆቹ "እጃችን ስለተንቀጠቀጠ ነው" አሉ። እጅ ቢንቀጠቀጥ ግድግዳውም ይደበዝዝ ነበር። ግድግዳው ጥርት ካለ ሌንሱ ደህና ነው ማለት ነው፤ የሚያየው ግን እኛ ካልነው ቦታ አልፎ ነው። እኛ የምናይበትና ፊልሙ የሚያይበት አልተስማሙም።

ይህን ለማረጋገጥ ፊልም ማጥፋት አያስፈልግም። ጀርባውን ከፍተን፣ ፊልሙ በሚያርፍበት ሐዲድ ላይ ደብዛዛውን ዓይነት ስኮች ለጠፍን፤ ሹተሩን፣ ማለትም ለፊልሙ ብርሃን የሚከፍትና የሚዘጋውን መዝጊያ፣ ተጭነን እስከያዝነው ክፍት በሚቆይበት "ቢ" ላይ አድርገን ከፍተን ያዝነው። ስኮቹ ላይ ግቢያችን ተዘቅዝቆ ብቅ አለ። ሰንደቅ ዓላማው ወደ ታች፣ ባሕር ዛፉ ወደ ታች፣ አንድ ልጅ በሰማይ ላይ ሲሮጥ። ስለ ብርሃን ለስንት ዓመት አስተምሬያለሁ፤ አሥራ አራት ልጆች ባንድ ጊዜ "እህ!" ሲሉ የሰማሁት ግን ያን ቀን ነው። አንዳንዶቹ ከዚያ በኋላ የፊዚክስ መምህራቸውን በጥያቄ አላስቀመጡም።

ጋዜጣ በ2 ሜትር ላይ ሰቀልን። ከላይ ባለው መስታወት ፊደሉ ጥርት እስኪል አስተካከልን፤ ስኮቹ ላይ ግን ፊደሉ ደብዛዛ ነው። ጋዜጣውን ቀስ በቀስ ወደ ኋላ ስናርቀው 2 ሜትር ከ30 ላይ ጥርት አለ። 30 ሳንቲ ሜትር ስህተት! አሁን ጥፋቱ የት እንዳለ ስላወቅን ካቻቪቴውን ለዚያ የ11ኛ ክፍል ልጅ ሰጠሁት። የላይኛውን መክደኛ አነሳ። ከመመልከቻው መስታወት ሥር አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት ተገኘ። ማን እንዳስገባው አይታወቅም፤ መስታወቱ ሲንቀሳቀስ ለማጥበቅ ይመስለኛል። ወረቀቱ መስታወቱን ግማሽ ሚሊ ሜትር እንኳ አላነሳውም። ግን ያቺ ታህል መነሳት ሌንሱን ከሚገባው በላይ ወደ ውስጥ እንድናስገባው ስላደረገችን፣ ፊልሙ የሚያየው ከሰውየው ጀርባ ያለውን ሆነ። ወረቀቱን አውጥተን መስታወቱን በቦታው አስቀመጥነው፤ ደግመን ለካን። በመስታወቱም በስኮቹም 2 ሜትር ላይ ገጠመ። ወረቀቱ አሁን ደብተሩ ላይ ተለጥፏል።

ብርሃን የበዛባቸውን ሁለት ፎቶዎች ለመረዳት ደብተሩ ጠቀመን። ሁለቱም የተነሱት ጠዋት ከ2 ሰዓት በፊት፣ በዝግተኛ ፍጥነት ነው። ከሰዓት በኋላ የተነሱት ደህና ናቸው። ያኔ ነው ብርዱን የጠረጠርነው። ሹተሩ ውስጥ ዝግተኛ ፍጥነቶችን የሚቆጣጠሩ እንደ ሰዓት ያሉ ትንንሽ ጥርሶች አሉ፤ ዘይታቸው ካረጀ ይረጋል፣ ሲበርደው ደግሞ ይብስበታል።

አንዱ ልጅ ስልኩ በሴኮንድ 240 ምስል የሚቀዳ ቪዲዮ እንዳለው ትዝ አለው። ሹተሩን እየቀዳን፣ ክፍት ሆኖ የታየበትን ምስል አንድ በአንድ ቆጠርን። 1 ሴኮንድ 240 ምስል መሆን ሲገባው 430 ሆነ። ግማሽ ሴኮንድ 120 መሆን ሲገባው 205። የሴኮንድ አንድ ሠላሳኛ ግን 8 መሆን ሲገባው 9፤ ምንም አይልም። ከዚያ የፈጠነውን በዚህ መንገድ መለካት ስለማይቻል ተውነው። በአንድ የጥር ጠዋት ጨርሶ ሳይዘጋ ሲቀር በዓይናችን አየን።

ይህን እኛ አልነካነውም። መርካቶ አካባቢ አንድ ሰዓት ሠሪ ጋ አራት ልጆች ይዤ ሄድኩ። ሰውየው ካሜራ ሠርተው አያውቁም ነበር። የቁጥሩን ደብተር ሲያዩ ግን ሳቅ ብለው "እንዲህ ተመርምሮ የመጣ ዕቃ አይቼ አላውቅም" አሉ። ልጆቹን ከጎናቸው አስቀመጧቸው። የፊተኛውን ሌንስ ፈተው፣ በላይተር ቤንዚን ጠብ ጠብ እያደረጉ የረጋውን ዘይት አጠቡት፤ የሚከፈቱትና የሚዘጉት የሹተሩ ቅጠሎች ላይ ምንም ዘይት አላስነኩም፣ እዚያ ደረቅ መሆን አለበት። ሁለት ሰዓት ሙሉ ማንም ልጅ ስልኩን አላወጣም። ስንመለስ 1 ሴኮንዱ 246 ቆጠረ። በነጋታው ጠዋት በብርዱ ደግመን ቆጠርን፤ 249።

ስለ ብርሃን መለኪያው አጭር ላድርገው። የሚፈልገው 1.35 ቮልት የሜርኩሪ ባትሪ ነው፤ ሜርኩሪ መርዝ ስለሆነ እሱ ከገበያ ወጥቷል። ያንኑ የሚያክለው 1.5 ቮልት ሲገባበት መለኪያው ብርሃን የበዛ ይመስለዋል፤ ፎቶው ይጨልማል። ስለዚህ ተውነውና በፀሐይ ለካን። በጠራ ፀሐይ ለዚህ ፊልም የሌንሱን ቀዳዳ ኤፍ 16 (ቁጥሩ ሲያንስ ቀዳዳው ይሰፋል)፣ የሹተሩን ፍጥነት የሴኮንድ አንድ አምስት መቶኛ ማድረግ፤ ጥላ ከሆነ ቀዳዳውን እስከ ኤፍ 5.6 መክፈት። አሁን ሰማይ አይተው ቁጥሩን የሚነግሩኝ ልጆች አሉ።

አንድ ጥፋት ደግሞ የኛው ነው፤ በሚያዝያ በአራተኛው ጥቅል ደረሰብን። ካሜራው ሁለት ዓይነት ፊልም ይቀበላል፤ የ12 እና የ24። የትኛው እንደሆነ የሚነገረው በሩ ውስጥ ያለውን ሰሌዳ በማንሸራተት ነው። ስንጠርገው 24 ላይ ቀርቶ ነበር። ልጆቹ 12 አንስተው ቆጣሪው ስላልቆመ ቀጠሉ፤ ፊልሙ አልቆ ስለነበር አምስት ፎቶ ባዶው የጀርባ ወረቀት ላይ አነሱ። ከአምስቱ በአንዱ የፊት ረድፍ ላይ ቆማ የነበረችው ልጅ በማግስቱ ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ተዛውራለች። ይሄ እስካሁን ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ፊልም ሲገባ ሁለት ሰው ነው የሚያየው፤ አንዱ ያስገባል፣ ሌላው ጮክ ብሎ ያነባል፦ "ሰሌዳው 12፣ ቀስቱ ከምልክቱ ገጥሟል፣ በሩ ተዘግቷል።"

አምስተኛውና ስድስተኛው ጥቅል ንጹህ ወጡ። 24 ፎቶ፣ 24ቱም ደህና። ማጉሊያ ስለሌለን ኔጌቲቩን በቀጥታ ወረቀቱ ላይ አስተኝተን፣ ከላይ የፎቶ ፍሬም መስታወት ጭነን፣ በቀይ አምፖል ሥር አተምነው። ለዚህ ነው በሩ ላይ ያያችኋቸው ትንንሽ የሆኑት፤ በእያንዳንዱ ጎን 6 ሳንቲ ሜትር የማይሞሉ። ጠጋ ብሎ ላየ ሰው ግን የሹራቡ ጉንጉን ይቆጠራል።

ለሚመጣው ዓመት የቀረ ሥራ አለ። ካሜራው ጥቂት ቆይቶ በራሱ እንዲያነሳ የሚያደርገው ማንሻ ይሠራ አይሠራ አልሞከርንም፤ በዚህ ዕድሜው ከያዘ ሹተሩን አብሮ ስለሚይዝ እንዳትነኩት። የታችኛው ሌንስ ጠርዝ ላይ እንደ ሸረሪት ድር ያለ ሻጋታ አለ፤ ፎቶው ላይ አይታይም፣ ግን ካሜራው እርጥበት ባለበት መሳቢያ እንዳይገባ፣ በተለይ በዚህ ክረምት። ደብተሩ ላቦራቶሪው ውስጥ ሁለተኛው መደርደሪያ ላይ ነው።

ከስድስተኛው ጥቅል ሰባተኛው ፎቶ የበራችን ጥበቃ ናቸው። አንዲት የ9ኛ ክፍል ልጅ ነች ያነሳቻቸው፤ በ2 ሜትር፣ ጥላ ውስጥ፣ በኤፍ 5.6። ዓይናቸው ጥርት ብሏል፤ ከኋላቸው ያለው ግድግዳ ደብዝዟል። አትማ ስትሰጣቸው ከመታወቂያቸው ጋር ኪሳቸው ውስጥ ልክ ገባ። በሳምንቱ መጥተው ጎጃም ላሉት እናታቸው የሚልኩት አንድ ሌላ ጠየቋት፤ ያለችንን የመጨረሻ ወረቀት ለሱ አዋልናት።