ለወርክሾፓችን ጣሪያ የቀረበ የድጋፍ ጥሪ (ለሁለተኛ ጊዜ)

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላትና ደጋፊዎች፣ በቅርብም በሩቅም ያላችሁ ወንድሞችና እህቶች፤

በቅድሚያ ይቅርታ። ባለፈው ጥሪያችን «ከዚህ በኋላ አናስቸግራችሁም» የሚል ቃል ነበረበት። ያንን የጻፍኩት እኔ ነኝ፤ ይህንንም የምጽፈው እኔው ነኝ።

የሆነውን አብዛኞቻችሁ ሰምታችኋል። ላልሰማችሁ፦ ከፋብሪካ የተቀነሱ ሰዎችን ሙያ ከምናሠለጥንበት ወርክሾፕ ጣሪያ በብየዳ ክፍሉ በኩል ያለው ግማሽ በሌሊት ነፋስና ዝናብ ተነቅሎ ወርዷል። ሰው አልተጎዳም፤ ፈጣሪ ይመስገን። ማለዳ ቀድመን የደረስነው አራት የኮሚቴ አባላት ነበርን። ቆርቆሮው ተጨማዶ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል። ማገሩ በመለማመጃ ሞተሮቹ ላይ ተጋድሟል። የሠልጣኞቹ የመጀመሪያ ብየዳዎች፣ ለመታሰቢያ ግድግዳው ላይ በሽቦ የሰቀልናቸው፣ ከነሽቧቸው ኩሬ ውስጥ ወድቀዋል። ገንዘብ ያዥ እህታችን ምንም አልተናገረችም። ከካርቶኑ አንድ ኤሌክትሮድ (የብየዳ ዘንግ) አንሥታ ስታየው ልባሱ እንደ እርጥብ ኖራ ጣቷ ላይ ቀረ።

ወደ ነገሩ ከመግባቴ በፊት ስለ ገንዘቡ አንድ ጊዜ ልናገር፤ መጨረሻ ላይ እደግመዋለሁ። የምታስገቡት በማኅበሩ ስም በተከፈተው፣ የሦስት ሰው ፊርማ ካልተሟላ በማይንቀሳቀሰው ሂሳብ ብቻ ነው። ቁጥሩ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤያችን ላይ አለ፤ ከበፊቱ አልተለወጠም። «ቁጥሩ ተቀይሯል» የሚል መልእክት ቢደርሳችሁ ከእኛ አይደለም። ምክንያት በሚለው ቦታ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ።

አሁን ወደ ጥያቄው። ባለፈው ሳምንት ቢያንስ አሥር ሰው ጠይቆናል፦ «መጀመሪያ ባዋጣነው ገንዘብ ለምን ጣሪያውን አላደሳችሁም?»

አላደስነውም። ጣሪያው እንዳረጀ እናውቅ ነበር፤ ቃለ ጉባኤውም ላይ ተጽፏል። ከፊታችን ሁለት ነገር ነበር፤ ወይ ጣሪያውን ማደስ፣ ወይ የብየዳ ማሽኖቹን፣ የመለማመጃ ሞተሮቹንና የማቀዝቀዣ መጠገኛ ዕቃውን መግዛት። በር ላይ ቆመው የሚጠብቁን ግን ከፋብሪካ የተቀነሱ፣ የስንብት ክፍያቸው በየቀኑ የሚሸረሸር ሰዎች ነበሩ። ጣሪያው አንድ ክረምት ይችላል ብለን ገመትን። አልቻለም። ግምታችን ስለተሳሳተ ኃላፊነቱን እንወስዳለን። ገንዘቡ ባክኗል የሚለውን ግን አንቀበልም። እያንዳንዱ ደረሰኝ በፋይል አለ፤ መጥቶ ማየት ለሚፈልግ በሩ ክፍት ነው (ጣሪያውም ክፍት ነው)።

ገንዘቡ ምን እንደሠራ ልንገራችሁ።

ከፋብሪካ የተቀነሰ ሰው ወደ እኛ ሲመጣ የሚናገረው ነገር አንድ ዓይነት ነው፦ «እኔ ሙያ የለኝም፤ ማሽን ላይ ነበርኩ»። አሥራ ምናምን ዓመት ማሽን ላይ ቆሞ «ሙያ የለኝም» ይላል! በመጀመሪያው ሳምንት አሠልጣኛችን የሚያስተምረው ነገር የለም ማለት ይቻላል፤ የሚጠይቀው ብቻ ነው። ማሽኑ ሲቆም ማን ያስነሣው ነበር? ቺንጋው ሲላላ በምን ታውቅ ነበር? ምርቱ ከልክ ሲወጣ መጀመሪያ የት ታያለህ? መልሱን ሲሰማ የትኛው ክፍል እንደሚመድበው ያውቃል። አንድ ጋሼ የምንለው ሠልጣኝ፣ ዕድሜውን በሙሉ ሽመና ክፍል የሠራ፣ ጆሮው በማሽን ጩኸት ተጎድቷል፤ ስናናግረው ድምፃችንን ከፍ እናደርጋለን። እሱ ግን መዳፉን ሞተሩ ላይ ያሳርፍና «የኋላው ኩሽኔት ሊሄድ ነው» ይላል። ፈትተን ስናየው እንዳለው ሆኖ ተገኘ። ይህ ሰው ከዜሮ የሚጀምር አይደለም። የጎደለው የኤሌክትሪኩ ዕውቀት ነበር፤ ያንን ሰጠነው። ሞተር በቀጥታ ሲነሣ ከመደበኛው ስድስት ሰባት እጥፍ ከረንት እንደሚስብ፣ በስታር ዴልታ (የሽቦውን አያያዝ በመቀያየር ሞተሩን ቀስ አድርጎ በማስነሣት) ሲነሣ ግን መነሻው ወደ ሢሶ እንደሚወርድ በቴስተር እየለካ ሲያይ፣ «ለካ ለዚህ ነው ያ ትልቁ ማሽን ሲነሣ መብራቱ የሚደበዝዘው» አለ። ዛሬ የተቃጠለ ሞተር ሽቦውን አውጥቶ እንደገና ይጠቀልላል።

ልብስ ስፌት ላይ የነበረች እህታችን ደግሞ ወደ ብየዳ ገባች። ቤተሰቧ ተቃውሞ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ኤሌክትሮዱ እየተጣበቀባት ተናደደች፤ ሁሉም ላይ ይጣበቃል። ከዚያ በኋላ ግን የእጇ ነገር ገረመን። ጨርቅ ሳይሸበሸብ በመርፌ ሥር በአንድ ፍጥነት መግፋት የለመደ እጅ፣ ኤሌክትሮዱን ከብረቱ ሳይርቅም ሳይነካም በአንድ ፍጥነት ይጎትታል። ከኩሬው ውስጥ ካወጣናቸው ብየዳዎች መካከል የሷን ማንም ሳይነግረው ይለያል፤ ስፌት ይመስላል።

ሁሉ ሰው ግን በያጅ ይሁን አንልም። ይህን የምለው ልጆቻችሁን ወይም ወንድሞቻችሁን ስትልኩልን «ብየዳ አስገቡልኝ» እያላችሁ ስለምትጽፉልን ነው። ብየዳ ፈጥኖ ይጀመራል፤ ጥሩ በያጅ ለመሆን ግን ከራስ በላይ ያለ ብረት መበየድ፣ ከዚያም ቧንቧን ዙሪያውን ሳይፈስ መዝጋት አለ። ያ ወራት ይፈልጋል። ዓይንና ሳንባም ያስከፍላል። ዚንክ የተቀባ ብረት አየር በሌለበት ክፍል የበየደ ሰው ማታ ትኩሳትና ብርድ ብርድ ይለዋል። ስለዚህ ነው «ቅንጦት ነው» የተባለውን ጭስ መሳቢያ የገዛነው። ቅንጦት አይደለም።

ኤሌክትሪክ ከጥገና ክፍል ለመጡት ይስማማል። ሆኖም ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ሰው አለ፤ ራሱም ሳያውቀው የኖረ። ስለዚህ መጀመሪያ የገመድ ቁራጮች ጠረጴዛ ላይ እንበትንና በቀለም ለይልን እንላለን። በብዙ አገር ፈቃድ ካልተያዘ የሕንፃ መስመር መዘርጋት አይቻልም፤ ፈቃዱም ፈተናና የልምድ ጊዜ ይጠይቃል። ይህን ከወዲሁ የማይነግር ማሠልጠኛ ሰው ያታልላል ብዬ አምናለሁ።

ቦይለር ላይ ወይም ውሃ ማጣሪያ ላይ የነበሩትን ወደ ቧንቧ እናስጠጋለን። ቶሎ ገቢ የሚያስገኘው ይህ ነው። ፕላስቲኩን በ260 ዲግሪ አሙቆ ማጣበቅ በአንድ ቀን ይለመዳል፤ ፍሳሹን በየሜትሩ ሁለት ሳንቲ ሜትር ያህል አዝቅዝቆ መዘርጋት ግን ውሃ ልክ የማንበብ ትዕግሥት ይጠይቃል። ታይል ማንጠፍ ጥራት ቁጥጥር ላይ ለነበረ ዓይን ጥሩ ነው፤ ለጉልበት ግን አይራራም፤ ወገቡ ወይም ጉልበቱ የሚያመው ሰው ባይገባበት እንመርጣለን።

ብዙ ወቀሳ የደረሰብን በማቀዝቀዣ ክፍሉ ነው። «ለፍሪጅ ጥገና ቫኪዩም ፓምፕ፣ ሚዛን፣ ጋዝ መሰብሰቢያ ማሽን ምን ያደርጋል? የኛ ሠፈር ጠጋኝ በካቻቢቴና በፒንሳ ይሠራ የለ?» ተባልን። ጋዙ ስለተለወጠ ነው። የኦዞን ንጣፍን ለመጠበቅ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ስምምነት አሮጌዎቹ ጋዞች ከገበያ እየወጡ ነው። በ2016 ኪጋሊ ላይ በተደረገው ማሻሻያ ደግሞ እነሱን የተኩት፣ ምድርን የሚያሞቁት ጋዞችም እንዲቀነሱ ተወስኗል። አሁን በብዙ አዲስ የቤት ፍሪጅ ውስጥ ያለው አይሶቡቴን የሚባል ተቀጣጣይ ጋዝ ነው። መጠኑ ትንሽ ነው፤ ብዙ ጊዜ 150 ግራም አይሞላም። ጋዙን ሳያወጣ እሳት የሚያስጠጋ ጠጋኝ ግን ራሱንም ቤቱንም ያቃጥላል። በግራም የሚሞላ ጋዝ ደግሞ በግምት አይሞላም። ሚዛኑ ለዚህ ነው። ሰው ነገ የሚጣል ሙያ አስተምረን «ሠለጠነ» ብለን ልንልከው አንችልም፤ አንዴ ከሥራ የወጣ ሰው ሁለተኛ መውጣት የለበትም።

ሌላም ነገር አለ፤ በወረቀት የማይታይ። ለሚመጣው ሁሉ የመጀመሪያ ምክራችን «የስንብት ክፍያህን ማሽን እንዳትገዛበት» የሚል ነው። ገዝተው የመጡ አሉ። ኢንቨርተር የተባለው የብየዳ ማሽን ካርቶኑ ሳይከፈት አልጋ ሥር ይቀመጥና ባለቤቱ ብየዳ ሳይሆን ኤሌክትሪክ የሚወድ ሆኖ ይገኛል። በእኛ ዕቃ ሁለት ሦስት ሙያ ሞክሮ ከወሰነ በኋላ ይገዛል። ወርክሾፑ ዋጋ የሚኖረው ለዚህ ነው፤ ጣሪያ የሌለው ወርክሾፕ ግን ማንም ምንም አይሞክርበትም።

ከአደጋው በኋላ እጃችንን አጣጥፈን አልተቀመጥንም። የሞተሮቹን ጥቅል ሠልጣኞቹ ራሳቸው በሜገር (ኤሌክትሪክ ከሽቦው ወደ ሞተሩ አካል እንዳያፈስ በሚለካው መሣሪያ) ለኩ። 500 ቮልት ተሰጥቶት ከ1 ሜጋ ኦም በታች ያሳየ ሞተር አናስነሣም፤ ከሰባቱ አምስቱ ከዚያ በታች ሆኑ። ፈትተው፣ በአምፖል ሙቀት ቀስ አድርገው አድርቀው እንደገና ለኩ። ሦስቱ ተመለሱ። ሁለቱ እንደገና መጠቅለል አለባቸው፤ ጋሼ ጀምሯቸዋል። ኤሌክትሮዱን ግን መመለስ አልቻልንም። በተለይ ዝቅተኛ ሃይድሮጂን የሚባለው፣ ለጠንካራ ሥራ የሚውለው፣ እርጥበት ከጠጣ ብየዳው ከውስጥ ይሰነጠቃል። ትንሽ እርጥበት የነካው ከ260 ዲግሪ በላይ በሆነ ምድጃ ይደርቃል፤ ውሃ ውስጥ ያደረው ልባሱ ስለረገፈ ይጣላል። ጣልነው። ከብየዳ ማሽኖቹ አንዱ ካርዱ (የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳው) ውሃ ገብቶበታል፤ ሌሎቹ ይሠራሉ፤ በሸራ ሸፍነናቸዋል።

መዋጮው ግን ቆሟል። ባለፈው ቃል ከገቡት ብዙዎቹ ገና አላስገቡም። አንወቅሳችሁም፤ ኑሮው ለሁላችንም ከብዷል። ያልቻላችሁ «አልቻልኩም» ብትሉን ግን ደስ ይለናል፤ ባልመጣ ገንዘብ ዕቅድ ማውጣት አድክሞናል። ሰብሳቢያችን የራሳቸውን ድርሻ ሦስት ጊዜ ከፍለዋል። ይህን እንዳልጽፍ ነግረውኝ ነበር።

የእምነት ነገር ከተነሣ፣ ቅዱስ ጳውሎስ በቆሮንቶስ ከአቂላና ከጵርስቅላ ጋር ድንኳን ይሰፋ ነበር፤ የሐዋርያት ሥራ 18፥3 ላይ ታገኙታላችሁ። ነቢዩ ዳውድ በእጃቸው ሥራ ይበሉ እንደነበር ሙስሊም ወንድሞቻችንና እህቶቻችን ከሐዲስ ያውቁታል፤ በቁርኣንም ብረት ለእርሳቸው እንደለዘበላቸው ተነግሯል። ለተራበ ማብላት ትልቅ ጽድቅ ነው፤ ሰውዬው በገዛ እጁ እንዲበላ ማድረግ ከዚያ ያንሳል የሚል በሁለቱም ቤት አላገኘሁም። አሥራት የምታወጡም፣ ሰደቃ የምትሰጡም፣ «እኔ የምሰጠው ለዜግነት ግዴታዬ ነው» የምትሉም፣ ሁላችሁም ከአንድ ጣሪያ ሥር ናችሁ። ለጊዜው ጣሪያው የለም እንጂ።

የሚያስፈልገን ይህ ነው፦ ለወደቀው ግማሽ ቆርቆሮ፣ ማገርና ወራጅ፤ በዚህ ጊዜ በሚስማር ሳይሆን ጎማ ባለው ብሎን ስለምናስረው እሱንም። የቀረውን አሮጌ ግማሽ ማጠናከሪያ። አዲስ ኤሌክትሮድና ማድረቂያ ምድጃ። የጉልበት ዋጋ አንጠይቅም፤ ብረቱን የሚበይዱት የራሳችን ምሩቃን ናቸው፤ ሠልፍ ይዘዋል። ገንዘብ የሌለው በዓይነት ይስጥ፤ ያገለገለም ቢሆን ያልተበሳ ቆርቆሮ እንቀበላለን፤ የተበሳውን ግን እባካችሁ አትላኩ፤ ባለፈው የተላከው አሁንም ጓሮ ተቀምጧል።

እንዳልኩት የክፍያውን ነገር እደግማለሁ። በማኅበሩ ስም በተከፈተው ሂሳብ ብቻ፤ ሦስት ፊርማ። ቁጥሩ ማኅተም ባረፈበት ደብዳቤ ላይ ያለው፣ ያው የድሮው ነው። ለግለሰብ፣ ለእኔም ቢሆን፣ ለሰብሳቢውም ቢሆን፣ በእጅ አትስጡ። ምክንያቱ ላይ «ጣሪያ» ብላችሁ ጻፉ፤ ካልጻፋችሁ ገንዘብ ያዣችን ከወርሃዊ መዋጮ ጋር ትቀላቅለዋለች፣ ከዚያ ለመለየት ሌሊት ታድራለች። ያስገባችሁበትን ወረቀት ፎቶ አንሥታችሁ ላኩላት። በሳምንት ውስጥ ደረሰኝ ካልደረሳችሁ ዝም አትበሉ፤ ደውሉ።

ስማችሁ እንዳይለጠፍ የምትፈልጉ ንገሩን፤ «አንድ ወዳጅ» ብለን እንጽፋለን።

ቅዳሜ ከማለዳ ጀምሮ የተጨማደደውን ቆርቆሮ ከአጥሩ ላይ እናወርዳለን። ጓንት አለን፤ ረጅም መሰላል ግን የለንም። ያለው ይዞ ይምጣ።

ለኮሚቴው፣
ጸሐፊው