በጀቱ ሳይጸድቅ ዓመቱ ሲያልቅ

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

መሪና ምክር ቤት ጦር ሲማዘዙ ሁልጊዜ የሚወራው ስለ ሥልጣን ጥም ነው። እ.ኤ.አ. በ1891 ቺሊን ያፈረሰውን የእርስ በርስ ጦርነት ለመረመረ ሰው ግን መነሻው ሕጉ ውስጥ የቀረ ቀዳዳ ነው።

በ1833ቱ የቺሊ ሕገ መንግሥት ወጪ በየዓመቱ ይጸድቃል፤ የምድር ጦሩና የባሕር ኃይሉ ብዛትም በየዓመቱ ይወሰናል። ግብር የሚፈቀደው ለ18 ወር ብቻ ነው። ኮንግረሱ፣ ማለትም የአገሪቱ ምክር ቤት፣ በሚሰበሰብበት ከተማና በዙሪያው በአሥር ሊግ፣ ማለትም በ45 ኪሎ ሜትር ገደማ ክልል፣ መደበኛ ጦር ያለ ፈቃዱ አይሰፍርም። ሕጎቹ ሳይታደሱ ዓመቱ ቢያልቅስ? ለዚህ መልስ የሚሰጥ አንቀጽ አልነበረም።

ፕሬዚዳንት ባልማሴዳና ኮንግረሱ በሚኒስትሮች ሹመት ተጣሉ፤ ኮንግረሱም በጀቱን ያዘበት። ዲሴምበር 31 ቀን 1890 አለፈ። ከማግስቱ ጀምሮ የጦሩን ብዛት የሚፈቅድ ሕግ ስላልነበረ፣ ወታደሩ ለማን እንደሚታዘዝ ራሱ መምረጥ ግድ ሆነበት። እጅግ አደገኛው ቀን ይህ ይመስለኛል። ጃንዋሪ 5 ፕሬዚዳንቱ የ1890ው በጀት ይቀጥላል ብሎ ደነገገ፤ ጃንዋሪ 7 የባሕር ኃይሉ አመፀ። የሴኔቱ ምክትል ፕሬዚዳንትና የተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ «ብላንኮ ኤንካላዳ» በተባለችው የጦር መርከብ ላይ ነበሩና አመፁ የምክር ቤት ውሳኔ መልክ ያዘ።

የምድር ጦሩ በአብዛኛው ከፕሬዚዳንቱ ጋር ቢቆምም ገንዘቡ ሌላ ቦታ ነበር። የመንግሥቱ ዋና ገቢ የነበረው፣ ለማዳበሪያና ለፈንጂ የሚውለው የናይትሬት ማዕድን የሚወጣው በስተሰሜን፣ ከአታካማ በረሃ ነው፤ ወደዚያ ጦር የሚጓጓዘው በመርከብ እንጂ በየብስ አይደለም። አመፀኞቹ የሰሜኑን ወደብ ኢኪኬን ይዘው የናይትሬቱን ቀረጥ ሰበሰቡ፣ በዚያም ጦር አሠለጠኑ፣ መሣሪያ ገዙ። ኤፕሪል 23 የፕሬዚዳንቱ ሁለት ጀልባዎች «ብላንኮ ኤንካላዳ»ን ካልዴራ ወደብ ላይ በቶርፔዶ አሰመጡ፤ ባሕሩ ግን ከኮንግረሱ እጅ አልወጣም።

ጠላት የት እንደሚወርድ ስላላወቀ ባልማሴዳ ጦሩን ከኮኪምቦ እስከ ኮንሴፕሲዮን በተነው። ኮንግረሱ ኦገስት 20 ኪንቴሮ ላይ 9,000 ያህል ሰው አወረደ፤ በማግስቱ ኮንኮን፣ ኦገስት 28 ፕላሲያ ላይ አሸነፈ። ባልማሴዳ በአርጀንቲና ሌጋሲዮን (የዲፕሎማሲ ጽሕፈት ቤት) ተሸሸገ፤ የሥልጣን ዘመኑ በተፈጸመ ማግስት፣ ሴፕቴምበር 19፣ በገዛ ሽጉጡ ሞተ።

የሚያሳዝነው አሸናፊዎቹ ቀዳዳውን አለመድፈናቸው ነው። በጀት እየያዙ ካቢኔ ማፍረስ ከ30 ዓመት በላይ ቀጠለ። በመጨረሻ የ1925ቱ ሕገ መንግሥት፣ በጀቱ በአራት ወር ካልጸደቀ የፕሬዚዳንቱ ረቂቅ እንዲሠራ ደነገገ። ስፔን ደግሞ በ1978 ሕገ መንግሥቷ ያለፈው ዓመት በጀት በራሱ እንዲራዘም አድርጋለች። እኔ የስፔኑን እመርጣለሁ፤ በቺሊው መንገድ ሥራ አስፈጻሚው ምክር ቤቱ እንዲዘገይ ይመኛል፣ በስፔኑ ግን አዲስ ብር የሚፈልግ ሁሉ ለመደራደር ይገደዳል።

እኛም ዘንድ የበጀት ዓመቱ ሰኔ 30 ያበቃል። ስለ ሕገ መንግሥት በምታወጧቸው ጽሑፎች፣ ሐምሌ 1 ያለ በጀት ቢነጋ ደመወዝ በየትኛው ሕግ እንደሚከፈልና ወጪውን ማን እንደሚፈቅድ፣ አንቀጹን ቃል በቃል እየጠቀሳችሁ እንድታስነብቡን እጠይቃለሁ።

ከአክብሮት ጋር
አንድ አንባቢያችሁ፣ ከአዲስ አበባ