የመሬትና ህዋ ሳይንስ ክበብ ዘንድሮ፦ የድንጋይ ዕድሜ ከመቼ ይቆጠራል?

ክበባችን ዘንድሮ እንደ በፊቱ የፕላኔት ፖስተር አልሰራም፣ ዓመቱን ሙሉ አንድ ጥያቄ ላይ ሙጭጭ ብለን ነው የከረምነው። ጥያቄው የመጣው ብሔራዊ ሙዚየም ስንሄድ ነው። ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው ሲባል አንዷ የ10ኛ ክፍል ልጅ "ቲቸር፣ አጥንቷ ላይ ተጽፏል እንዴ?" አለችኝ፣ ሁሉም ሳቀ፣ ጥያቄው ግን የምር ነው።

አጥንቱ ላይ አልተጻፈም። የተለካው እሷ በተገኘችበት በአፋሩ ሀዳር፣ ከተቀበረችበት ንብርብር አጠገብ ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። አመዱ ውስጥ ፌልድስፓር የሚባል ማዕድን አለ፣ በውስጡ ያለው ፖታሲየም-40 ቀስ እያለ ከፊሉ ወደ አርጎን ጋዝ ይቀየራል፣ ማዕድኑ ሲግል አርጎኑ ያመልጣል፣ ሲቀዘቅዝ ደግሞ እዛው ይታሰራል። ስለዚህ ሰዓቱ መቁጠር የሚጀምረው ማዕድኑ ሲቀዘቅዝ ነው። አመድ ወዲያው ስለሚቀዘቅዝ ፍንዳታውና የሰዓቱ መነሻ አንድ ናቸው ብንል ችግር የለውም። ችግሩ የመጣው ልጆቹ "እሺ የፀሐይ ስርዓትስ?" ሲሉ ነው፣ እዛ ያለ ድንጋይ ሁሉ ወዲያው አልቀዘቀዘማ።

ካራ የምትኖሩ ይህን ታውቁታላችሁ፦ ውሃ በፈረቃ ሲመጣ ቧንቧው ስር ጀሪካን አስቀምጠን እንሄዳለን፣ ስንመለስ የሞላውን አይተን ውሃው ስንት ሰዓት እንደመጣ እንገምታለን። ጀሪካኑ ቀዳዳ ካለው ግን ውሃው አሁን የመጣ ይመስለናል። ማዕድንም እንደዛው ነው፣ ልዩነቱ ቀዳዳው ሲሞቅ ይከፈታል ሲቀዘቅዝ ይዘጋል። አተሞቹ ጠጣር ነገር ውስጥ ሆነው እንኳ ከቦታ ቦታ መሄዳቸው ዲፊውዥን ይባላል፣ የሚዘጋበት ሙቀት ደግሞ ለእያንዳንዱ ማዕድንና ኤለመንት የተለያየ ነው፣ ዚርኮን የሚባል ማዕድን ውስጥ ከዩራኒየም የተፈጠረ ሊድ (እርሳስ) ከ900 ዲግሪ በላይም አይነቃነቅም፣ አርጎን ፌልድስፓር ውስጥ ግን በጣም ባነሰ ሙቀት ይወጣል።

ላብራቶሪ ውስጥ በድንች ሞከርነው። ጥሬ ድንች ትንሽና ትልቅ አድርገን ቆርጠን፣ ግማሹን ቀዝቃዛ ግማሹን ሞቅ ያለ የቀይ ስር ውሃ ውስጥ ከተትን፣ ከዛ ሰንጥቀን አየን። ትንሹ እስከ መሀል ቀልቷል፣ የትልቁ መሀል ነጭ ነው፣ ሙቀት ያገኘው ደግሞ ጠልቆ ቀልቷል። (የባዮሎጂ መምህራችን ሲሞቅ የድንቹ ሴል ራሱ ይፈርሳል ብለው ተከራክረውናል፣ እውነታቸውን ነው።) ዋናው ነገር ርቀቱ 10 እጥፍ ሲሆን የሚፈጀው ጊዜ 100 እጥፍ መሆኑ ነው፣ ስለዚህ ትንሽ ክሪስታል ቶሎ ይፈስሳል ዘግይቶ ይዘጋል። የድንጋይ ዕድሜ ተመራማሪው ማርቲን ዶድሰን እ.ኤ.አ. በ1973 ይህን በአንድ ቀመር አስሮታል፣ ቀመሩ ውስጥ ሎጋሪዝም ስላለ "ሎጋሪዝም ምን ያደርግልናል" ከሚለው የየዓመቱ ጥያቄ ገላግሎኛል።

ዓመቱን የበላው ግን አሉሚኒየም-26 ነው፣ ቀስ እያለ ወደ ሌላ ኤለመንት የሚቀየር የአሉሚኒየም ዓይነት። በ1969 እ.ኤ.አ. ሜክሲኮ ላይ አዬንዴ የሚባል ሚቲዮራይት (ከህዋ የሚመጣ ድንጋይ) ወደቀ፣ ውስጡ በካልሲየምና አሉሚኒየም የበለጸጉ ነጫጭ ፍርፋሪዎች አሉ፣ እንደነዚህ ያሉት 4.567 ቢሊዮን ዓመት ገደማ ሆኗቸው እስካሁን ዕድሜያቸው ከተለካ የፀሐይ ስርዓት ነገሮች አንጋፋዎቹ ናቸው። አሉሚኒየም-26 ግማሽ ዕድሜው (ግማሹ ተቀይሮ የሚያልቅበት ጊዜ) 717 ሺህ ዓመት አካባቢ ብቻ ስለሆነ በ5 ሚሊዮን ዓመት ውስጥ ከአንድ ፐርሰንት በታች ይሆናል፣ የሚተወው ማግኒዥየም-26 ነው፣ ሰዎች የሚለኩትም ያንን ትርፍ ነው። አሁን አኖርታይት የሚባለው ማዕድን አሉሚኒየሙ ካለቀ በኋላ ቢሞቅስ? ማግኒዥየሙ ወደ ጎረቤት ማዕድን ሄዶ ይቀላቀላል፣ ትርፉ ይጠፋል፣ አሉሚኒየሙ ስላለቀ አዲስ የሚሞላ የለም፣ ድንጋዩ በሚሊዮኖች ዓመት ወጣት ይመስላል። አንዱ ፍርፋሪ ውስጥ አጠገቡ ያለው ማዕድን ደግሞ የድሮውን ሰዓት እንደያዘ ሊቀመጥ ይችላል።

"ምን አሞቀው ታዲያ?" አለ አንዱ የ11ኛ። ይሄ ነው ደስ የሚለው፣ ከዋናዎቹ ማሞቂያዎች አንዱ ራሱ አሉሚኒየም-26 ነው፣ ሲበሰብስ ሙቀት ይሰጣል፣ አስትሮይድን (ፀሐይን የሚዞር ትልቅ ድንጋይ) ከውስጥ የሚያግለው እሱ ነው። ሰዓት ሆኖ ሌሎች ሰዓቶችን የሚያበላሽ ማለት ነው!

ከዛ ክርክር ተነሳ፣ ግማሹ "የሞቀው ድንጋይ ቁጥር ውሸት ነው ይጣል" አለ። እኔ አይጣልም ባይ ነኝ። ኤች ኮንድራይት የሚባሉትን ሚቲዮራይቶች እዩ፣ ከአንድ አስትሮይድ እንደመጡ ነው የሚታሰበው፣ ፎስፌት ማዕድናቸው ውስጥ ባለው ሊድ ሲለኩ ግን ብዙም ያልሞቀው 4.563 ቢሊዮን በጣም የሞቀው 4.504 ቢሊዮን ይላል። ወደ 60 ሚሊዮን ዓመት ልዩነት! አንዱ ዘግይቶ ተወልዶ አይደለም፣ ጥልቅ ቦታ ተቀብሮ ስለነበር የፎስፌቱ በር እስኪዘጋ ያን ያህል ጊዜ ጋለ። ቁጥሩ የልደት ቀን አይነግረንም እንጂ ድንጋዩ ምን ያህል ጥልቅ እንደነበር፣ በምን ፍጥነት እንደቀዘቀዘ ይነግረናል፣ እንዴት ይጣላል?

ሌላ የሰራነው ነገር ቢኖር እንጦጦ ኦብዘርቫቶሪ ጉብኝትና የሰልፍ ሰዓት ላይ በሚኒ ሚዲያ ያቀረብነው ፕሮግራም ነው፣ ማይኩ መሀል ላይ ስለጠፋ ግማሹን የሰሙት የፊት ሰልፈኞች ብቻ ናቸው።

ለከርሞ ማንጋኒዝ-53 ላይ እንሰራለን፣ ግማሽ ዕድሜው 3.7 ሚሊዮን ዓመት ነው፣ ወደ ክሮሚየም ይቀየራል፣ ክሮሚየም ኦሊቪን የሚባል ማዕድን ውስጥ እንዴት እንደሚሄድ በኤክሴል ለማስላት የ12ኛ ክፍሎቹ ጀምረውታል፣ እነሱ ስለሚወጡ የሚረከብ ሰው እንፈልጋለን። ምዝገባ መስከረም ላይ ነው፣ 9ኛ ክፍሎችም ትችላላችሁ፣ ድንቹን ግን ከቤት ይዛችሁ ነው።